ከአባ ሴልሶ በፊት የሚታጠበው እግር

ኢሲድራ በፊሊፒንሷ ታሊባኦ ከተማ ያላጠበችው ነገር ቢኖር ባሕሩን ብቻ ነው። በሠላሳ ዓመት የልብስ አጣቢነት ዘመኗ የፈጀችው ሳሙና ቢደረደር ማኒላ ደርሶ ይመለሳል። አብልጣ የምትኮራው ግን በጸሎተ ሐሙሱ ሥራዋ ነበር። አባ ሴልሶ በቅዳሴው መሃል ተንበርክከው ሐዋርያትን ወክለው የሚቀመጡትን አሥራ ሁለት ሰዎች እግር ከማጠባቸው በፊት፣ እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ቧንቧው ሥር፣ ያንኑ እግር አስቀድማ ትፈትገዋለች። የቄሱ ውኃ እንዳይደፈርስ፣ ፎቶውም እንዳይበላሽ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ፍንጣሪ ጭቃ አባ ፊት ደርሳ አታውቅም።

ዘንድሮ ሐዋርያ ሆነው ከተመረጡት አንዱ ታናሽ ወንድሟ ማካሪዮ ነበር። ማካሪዮ ከባሕር ዳሩ ረግረግ ሸርጣን እያወጣ የሚሸጥ ሰው ነው። እግሩን ጨው ሰነጣጥቆት፣ ስንጥቁ ውስጥ ጭቃ ቤት ሠርቶበት፣ ሩዝ ቢዘሩበት ይበቅላል። ለመመረጥ ስድስት ዓመት ጠብቋል። መመረጡን ለሚስቱ ነገረ፣ ለጎረቤት ነገረ፣ ለሸርጣኖቹም ሳይነግራቸው አልቀረም።

ነጩን የሐዋርያት ቀሚስ ለብሶ ቧንቧው ሥር ሲቀመጥ የበዓል ኮሚቴው ሰብሳቢ እመቤት ዶኛ ፔርፔትዋ ማራገቢያቸውን ይዘው መጡ። እግሩን አዩና ፊታቸው ተቋጠረ። ይሄ በአንድ ቀን የሚለቅ እድፍ አይደለም፣ አባ እግሩን የሚያደርቁበትን ፎጣ በገዛ እጄ ነው የጠለፍኩት አሉ። በማካሪዮ ቦታ የኮኮናት ዘይት መጭመቂያ ያለው አማቻቸው ይቀመጥ ብለው ወሰኑ። የአማችየው የእግር ጥፍር ጠዋት ውበት ሳሎን ተሠርቶ እንደ መስታወት ያበራል።

«ለሐዋርያት የሚሰጠውን ዳቦ ግን ይውሰድ፣ ማን ከለከለው» አሉ።

ማካሪዮ ቀሚሱን ማውለቅ ጀመረ። «ተይው እትዬ፣ ሌላ ጊዜ ይደርሰኛል» አላት።

ኢሲድራን ያነደዳት ይሄ ነው። ደሟ ፈልቶ አናቷ ላይ ሲወጣ እንፋሎቱ ወደብ ላይ ሳይታይ አልቀረም። ጌታ በዚያ ምሽት፣ ነገ እንደሚሰቅሉት እያወቀ፣ ጎንበስ ብሎ ያጠበው የማንን እግር ነበር? አቧራ ሲረግጥ የዋለ የዓሣ አጥማጅ እግር አይደለም? ታዲያ እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ኖረች? ከአባ እጅ ሥራቸውን ስትነጥቅ፤ በዚያ ላይ ስትኮራበት።

«ዶኛ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ጴጥሮስን አስቀድሞ ጓሮ ወስዶ ያጠበው ማን ነበር?»

«አንቺ ደግሞ ስብከት ጀመርሽ?»

«ስለ ሥራዬ ነው የማወራው፤ እኔ አጣቢ ነኝ። ንጹሕ ልብስ አምጥቶ እጠቢልኝ የሚለኝን ሰው ጤናውን ነው የምጠረጥረው።»

ቧንቧውን ዘጋች። ሳፋውን ደፍታ ተቀመጠችበት። ተራቸውን ለሚጠብቁት አሥራ አንድ ሐዋርያትም እንዳላችሁ ግቡ አለቻቸው። አንዱ ዓሣ ሻጭ፣ አምና እድፌን ከነቆዳዬ ነው የላጥሽልኝ፣ ተገላገልኩ ብሎ ሳቀ። አማችየው በሁለት ጭቃ እግሮች መካከል መቀመጡን ሲያስበው መጭመቂያው ትዝ አለውና ሄደ። ደወሉ ተደወለ። ዶኛ ሌላ ሰው የሚፈልጉበት ጊዜ አልነበራቸውም። ማካሪዮ ቀሚሱን መልሶ አጠለቀ።

በቅዳሴው መሃል የእግር ማጠቡ ሰዓት ደረሰና ሦስተኛው ሐዋርያ ላይ ውኃው ጠቆረ። አምስተኛው ላይ የሩዝ ማሳ መሰለ። የኮሚቴው ሴቶች በባልዲ ይሯሯጡ ጀመር፤ የተጠለፈው ፎጣማ ዳግመኛ ፎጣ የሚሆን አልመሰለም። አባ ሴልሶ ግን ማጠባቸውን ቀጠሉ። ማካሪዮ ጋ ሲደርሱ እሱ አፍሮ እግሩን አግዳሚው ሥር ደበቀ።

«የኔን ይለፉት አባ። አይለቅም» አለ በሹክሹክታ።

«ማካሪዮ፣ እግርህን አምጣ» አለች ኢሲድራ ከሦስተኛው ረድፍ። ድምፅዋ ጀልባዎቹን ከገመዳቸው የሚፈታ ነበር።

አምጥቶ ሰጣቸው። የሰባ ዓመቱ አዛውንት እጅጌያቸውን ሰብስበው እግሩን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና በአውራ ጣታቸው ስንጥቁን አንድ በአንድ ይጠርጉ ጀመር። መዘምራኑ መዝሙሩን ጨረሱ፤ ደግመው ጀመሩ፤ ሦስተኛም ዘመሩት። የዶኛ ማራገቢያ ቆሟል። ኢሲድራ እጇን አጣምራ፣ ንዴቷ ገና ሳይበርድላት፣ ሥራቸውን በባለሙያ ዓይን ተከታተለች። አባ እጃቸውን ወደ ፎጣው ሲዘረጉ አላስቻላትም።

«ተረከዙ ቀርቷል፣ አባ» አለች።

አባ ሴልሶ እግሩን ገልበጥ አድርገው አዩት። ፎጣውን አስቀመጡና ሌላ ውኃ እንዲመጣላቸው በእጃቸው ጠቆሙ።