ክላሪ አይበርደውም

ክላሪ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። ከኩማ ከተማ በላይ ባለው ተራራ፣ በሐምሌ በረዶ ላይ ማደር የጀመረው ልጁ ሊያን ሳትወለድ ነው። ዘንድሮ ግን ሊያን፣ አንድ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ካየችው ከእንግዲህ ክረምቱን ቤቱ እንደሚያሳልፍ ነግራው አብራን ወጣች። እሱም ተስማማ፤ ፀሐይ ሳትወጣ ሊያን ድንኳኗን ጥላ ከወጣች ግን በየዓመቱ ራሷ እየነዳች ልታመጣው ተወራረዱ። ከሁለቱ ሌላ የነበርኩት የሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዳኝነቱ ለእኔ ደረሰ።

ሊያን ከሱቅ ያልገዛችው ነገር አልነበረም። የመኝታ ከረጢቷ የዋልታ አሳሽ ፎቶ አለበት። የምትተኛው ግን በአየር በተነፋ ስስ ፍራሽ ላይ ነው። ብርድ ከታች እንደሚመጣ፣ ያ ሁሉ አየር ሌሊቱን በረዶ እንደሚሆን እኔም ክላሪም እናውቃለን። ፍራሹን በእጃችን ጫን ጫን አድርገን፣ ለስላሳ ነው አልናት። ውሸት አልነበረም።

ክላሪ ያለ ድንኳን በዘረጋው ሸራ መኝታው ውስጥ ጋዜጣ፣ በጋዜጣው ላይ የበግ አጎዛ አነጠፈ። ሆድ ውስጥም የሚነድ ነገር ያስፈልጋል ብሎ አይብ በላ። ካልሲ ለወጠ። አንዱ ባሕር ዛፍ ጀርባ ደርሶ ተመለሰና ሙቅ ውሃ የሞላውን የጎማ ከረጢቱን ይዞ ገባ።

ጎማው የሊያን እኩያ ነው። እግሩ ሥር ፈነዳ።

አጠገቡ ስለነበርኩ ስድቡን ሰማሁ። በሹክሹክታ ደረቅ ካልሲ ልስጥህ ስለው፣ "ዳኛ ጉቦ ሲቀበል እንጂ ሲሰጥ የት አየሽ?" አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። እስከ ሊያን ድንኳን ድረስ ይሰማል ብዬ ስሰጋ ድንገት ጸጥ አለ። ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ኪሱ ከቶት ኖሯል።

ሊነጋጋ ሲል የሊያን ድንኳን ዚፕ ተከፈተ። ከንፈሯ ጠቁሯል። አንገቷን ቀብራ ወደ መኪናው ሮጠች፣ ሞተሩን አስነሥታ ማሞቂያውን ለቀቀች። ክላሪ ይህን ሲሰማ ተነሣ። በረጠበ ካልሲው ውርጩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ተራራውን ያይ ጀመር።

ሊያን መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"አባዬ፣ ና ግባ።"

ጥርሱን ወደ ቦታው መለሰ። "ምን ላደርግ? እየተናፈስኩ ነው።"

"እግርህ እኮ ረጥቧል።"

"ጤዛ ነው።"

እግሩን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔም ተራራውን ማየት ጀመርኩ።

"እሺ፣ የሚመጣው ሐምሌ እኔ ነኝ የማመጣህ" አለች በመጨረሻ። "ለእኔም ግን አጎዛ ትፈልግልኛለህ።"

ይህን ተናግራ እስክትጨርስ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሰባ ሰባት ዓመት በማይመስል ፍጥነት መኪናው ውስጥ ገብቶ ሁለት እግሩን ማሞቂያው ፊት ደቀነ።

"ሙቀቱ በዛ፣ ልጄ፤ ቀነስ አድርጊው" አላት።

ልትቀንሰው እጇን ስትሰድ ግን እጇን ያዛት።