በሳሎናችን የሚያልፈው የእግር መንገድ

ፎጣ ጠምጥሜ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ኮሪደሬ ላይ ቆሞ «ይቅርታ፣ ወደ ተራራው በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። እኔም ከፍሪጁ ወደ ግራ ታጥፎ በኋላው በር እንዲወጣ ነግሬው አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ያልኩትን ግን እዚህ አልደግመውም፣ የሰው ጆሮ ያቆሽሻል።

ይህን ጣጣ ያመጣብኝ የገዛ ባሌ ነው። ባሌ ከቤታችን ጀርባ ባለው ኮረብታማ ፓርክ ውስጥ ምልክት ቀቢ ነው፤ ተጓዡ እንዳይጠፋ ድንጋዩና ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ዝምተኛ ሰው ነው። ያዘዙትን ይሠራል፣ ቤት ገብቶ ብሩሹን ያጥባል፣ በቃ። ችግሩ አለቃው ነው። የፓርኩ ኃላፊ ሕግ ማውጣት ይወዳል፤ ሌላው ሰው ሻይ እንደሚወደው ማለቴ ነው። ሰው በየመኪናው እየመጣ ፓርኩን እንዳያጨናንቅ ብሎ፣ እያንዳንዱ የእግር መንገድ ከአውቶቡስ ፌርማታ ተነስቶ ሌላ ፌርማታ ላይ ማለቅ አለበት አለ። አስፋልትም መንካት የለበትም አለ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው፣ ማንንም አልጎዳም።

ከዚያ ድልድዩ ተሰበረ። ወደ ፓርኩ መግቢያ የሚሄደው አውቶቡስ ከድልድዩ ወዲህ መዞር ግድ ሆነበትና የመጨረሻው ፌርማታ እኛ በር ላይ ተተከለ። ከቤታችን በስተግራ የውሃ ታንከሩ ግቢ ነው፣ መግባት ክልክል። በስተቀኝ ገደል ነው። የፊት በራችን ፌርማታውን ያያል፣ የኋላ በራችን ተራራውን ያያል። ባሌ ገመድ ይዞ ሲለካካ ውሎ ገባ። ሻይ ሰጠሁት፣ አልነካውም። አንገቱን ደፍቶ ሌላ መተላለፊያ እንደሌለ፣ ኃላፊውም እንደተስማማበት፣ ጠዋት ሳሎኑን መቀባት እንደሚጀምር ነገረኝ። ደሜ ፈላ። ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩበት። ምን ዋጋ አለው፣ እምቢ ካለ ከሥራ ይባረራል። በማግስቱ ቡፌዬ ጎን ላይ፣ የበሩ መቃን ላይና ፍሪጄ ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ።

ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ አባቴ አለ። የኔ ጭንቀት ቡፌው ሳይሆን እሱ ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የዚያው የፓርክ መስመር ሹፌር ነበር። ተጓዡን ሁሉ ተራራው ሥር አውርዶ ይመለሳል፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳን ወጥቶ አያውቅም፣ ሹፌር መኪናውን ጥሎ የት ይሄዳል? የምትወጣው እናቴ ነበረች። በየእሑዱ በሱ አውቶቡስ ሄዳ፣ ጫፉ ላይ ደርሳ፣ በማዶው በኩል ወርዳ ትመለሳለች። እግሯ ያብጥባት ስለነበር አባዬ የምትቀመጪበት ከሌለ አትሄጂም ብሎ ተቆጣት። እሷም ጫፉ ላይ ደህና አግዳሚ ወንበር እንዳለ፣ እሱ ላይ ተቀምጣ አውቶቡሱን ቁልቁል እንደምታየው፣ የክብሪት ቀፎ እንደሚያክል ነገረችው። ከዚያ ወዲያ አባዬ ከፌርማታው ከመነሳቱ በፊት አንዴ ክላክስ ያደርጋል፣ እሷም እዚያ ላይ ሆና እጇን ታውለበልባለች። እሱ አያያትም፣ ግን ያውቃል። እንዲህ ነበር የሚዋደዱት።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ሞተች። ከቀብር መልስ አባዬ ሳሎን ያለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አለ። የሐዘን ወሬ መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን አንዴ ካለ አለ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው እምቢ፣ ደጅ ወጥተህ ፀሐይ ሙቅ ብለው እምቢ። እግሩ እየሰለለ፣ ፊቱ እየገረጣ ሄደ። ሐኪሙ እቤት ድረስ መጥቶ ካየው በኋላ በር ላይ ጠርቶኝ፣ ሰውዬው ካልተራመደ ያ ቃሬዛ ሩቅ አይደለም አለኝ። እንግዲህ ዓይኔ እያየ እናቴን ተከትሎ ሊሄድብኝ ነው። እኔ ደግሞ ከሱ ሌላ አባት የለኝም።

እንዲህ ባለ ቤት ላይ ነው ተጓዥ የወረደብኝ።

የመጀመሪያው አውቶቡስ እንደቆመ፣ ዱላና የጀርባ ቦርሳ የያዘ ሕዝብ በሩን ከፍቶ ገባ። ማንኳኳት የለ፣ ደህና አደራችሁ የለ። ጭቃውን ምንጣፌ ላይ አራገፈ። አንዷ ቡፌውን ፎቶ አነሳች። ባልና ሚስት ሶፋዬ ላይ ተደላድለው ምሳቸውን ፈቱ፤ ምነው በሰላም ብላቸው ካርታቸው ላይ የማረፊያ ቦታ መባሉን አሳዩኝ። አንድ ጎረምሳ ምልክቱ ጠፍቶበት መኝታ ቤታችን ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ በመጨረሻ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። በጣም ደንግጦ ስለነበር ውሃ ሰጠሁት።

አቤት ልል ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። እሳት ጎርሼ ገብቼ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሰውዬው በጥሞና ሰምቶ፣ አመስግኖኝ፣ በማግስቱ ሁለት የብረት ሰሌዳ ላከልኝ። አንዱ ወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ የሚሰቀል ነው፣ «ቁልቁለት፣ ተጠንቀቁ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ ነገር ሁሉ በፓርኩ የተጠበቀ መሆኑንና ከቦታው ማንቀሳቀስ እንደሚያስቀጣ ይናገራል። እንግዲህ ያልታጠበ ሰሃኔ ተጠበቀ። ጣሪያው ጥግ ላይ ያለው የሸረሪት ድር ተጠበቀ። የባሌ ካልሲ ሶፋ ሥር እንደተጠበቀ ከረመ። አባዬም መንገድ ዳር ስለተቀመጠ አብሮ ተጠበቀ፤ አንዲት ሴትዮ ብስኩት ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ የፓርኩ ዘበኛ መመገብ ክልክል ነው ብሎ መለሳት። አፌን በእጄ ጫንኩ።

አባዬ መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ኮሪደሩ በሰው ታጭቆ፣ የፊተኛው አልሄድ የኋለኛው አልመለስ ሲል፣ ከዚያ ወንበር ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ እለፉ፣ ውስጡ ባዶ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያ ድምፅ ከቤታችን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር በሽንኩርቱ አመካኝቼ እንደልቤ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው። ጫማውን ያልጠረገ አያልፍም። ገፍቶ የገባ ተመልሶ ይሰለፋል። አባዬ ከወንበሩ እየተነሳ እስከ ፍሪጁ እየሄደ ሰው ያስተናብራል፤ ከፍሪጁ ግን አንዲት እርምጃ አያልፍም። ለእያንዳንዱ ተጓዥም ያችኑ ወሬ ይነግራል፤ ጫፉ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ የባለቤቴ ነው፣ ተቀመጡበትና ደህና መሆኑን ንገሩኝ ይላል። ሁሉም እሺ ይላል። ማንም ግን ተመልሶ አልነገረውም፣ ምክንያቱም መንገዱ የሚወርደው ወደ ማዶው ፌርማታ ነው፣ ከዚያ የሚነሳው አውቶቡስ ደግሞ በቀጥታ ከተማ ይገባል። የወንበሩ ወሬ ሲነሳ ባሌ እቤት ካለ፣ ብድግ ብሎ ብሩሹን ሊያጥብ ይሄዳል። የታጠበ ብሩሽ ደግሞ ሲያጥብ አይቼዋለሁ። የሱ ነገር ብዬ ተውኩት።

እንዲህ እንዳለን ድልድዩ ተጠገነ። ኃላፊው ራሱ መጥቶ የማረፊያ ቦታው፣ ማለቴ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠና፣ ፌርማታው ከነገ ጀምሮ ወደ ድሮው ቦታ እንደሚመለስ ነገረን። ባሌንም ማታ የቤቱን ምልክት ሁሉ እንዲያጠፋ አዘዘው። እልል ማለት ነበረብኝ። ግን አባዬን ሳየው ፊቱ ልክ የቀብሩን ቀን ሆኖ ነበር። ነገ ቤቱ ጭር ይላል፣ እሱም ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ሁለተኛ ደግሞ የሚመልሰው ነገር አይመጣም።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስከ ማታ ድረስ ይህ ቤት የመንገዱ አካል ነው፣ አይደል?» ብሎ ኃላፊውን ጠየቀው።

«አዎ፣ ነው» አለ ኃላፊው።

«እንግዲያው መንገዱም እስከ ማዶ ድረስ የቤቱ አካል ነዋ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ኃላፊው ግን ሕግ ሲጠየቅ ዓይኑ ይበራል። የሻዩን ብርጭቆ አስቀምጦ ብዙ አሰበ። ከዚያ መንገድ ከፌርማታ እስከ ፌርማታ አንድ ወጥ እንደሆነ፣ ግማሹ ቤት ግማሹ ዱር ተብሎ ሊቆራረጥ እንደማይችል አስረዳን። ስለዚህ እርስዎ ከቀዩ ምልክት እስካልወጡ ድረስ ከቤትዎ አልወጡም ብሎ ፈረደ። ፍርዱን ሲሰጥ ቆሞ ነበር። አባዬም ቆመ።

ሮጬ ጫማውን አመጣሁለት።

«ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ጫማ ያደርጋል?» አለኝ።

በፒጃማውና በነጠላ ጫማው ፍሪጁን አለፈ፣ ወጥ ቤቱን ደረጃ ተጠንቅቆ ወረደ፣ የኋላውን በር ከፈተ። ባሌ ከኋላ ልከተልዎት ቢለው ኮሪደሬ ላይ ማንም እንዳይከተለኝ ብሎ ከለከለው። ከምልክት ወደ ምልክት፣ ግንዱን እየተደገፈ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ፒጃማው ከዛፎቹ መሃል እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት።

የሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ሌላ የት እቀመጣለሁ። ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ አባዬ የለበትም። ሌላ መጣ፣ የለበትም። ኃላፊውን ረገምኩ፣ ድልድዩን ረገምኩ፣ ያንን ሐኪም ሳይቀር ረገምኩ። በገዛ እጄ ወደ ቃሬዛው የላክሁት መሰለኝ። ምሽቱ ሲቃረብ ባሌ ምልክቱን የሚያጠፋበትን ነጭ ቀለም ይዞ መሃል ሳሎን ቆመ። ቆርቆሮውን ግን አልከፈተም። እሳቸው ሳይመለሱ አንዲት ነጥብ አላጠፋም አለ። በትዳር ዘመናችን ትዕዛዝ እምቢ ሲል ያኔ አየሁት፣ ወደድኩትም።

ከመጨረሻው አውቶቡስ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልፍ በራችንን ያንኳኳ አልነበረም። ከፈትኩት። አባዬ ነው። ፒጃማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፣ አንዱን ነጠላ ጫማ የሆነ ቦታ ጥሎታል። ያዝኩት፣ አልለቅ አልኩ። ገባ እንጂ አልተቀመጠም። ወንበሩን ቁልቁል እያየው ቆመ።

«እዚያ ላይ ወንበር የለም» አለ።

እጁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈ።

«ኖሮም አያውቅም። ዙሪያውን ፈልጌያለሁ፣ ሾጣጣ ድንጋይና እሾህ ነው። በዚያ እግሯ፣ ያን ሁሉ ዓመት፣ ቆማ ነው ስታየኝ የኖረችው።»

ባሌ ወደ ብሩሹ ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ያውቅ ነበር። ስለ ወንበሩ ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል፣ እንዴት ብዬ የለም ልበላቸው አለኝ በሹክሹክታ። አባዬ ሰማው፣ አልተቆጣም። ቆሞ ሳለ የሆነውን ነገረን። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ አውቶቡሱ እኛ በር ላይ ሲዞር አየ፣ እውነትም የክብሪት ቀፎ ያክላል። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። አባዬ እጁን አንስቶ አውለበለበ። ከዚያ ወረደና ምልክቱ ማዶው ፌርማታ ላይ አለቀበት። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ቤት የለም። ቆሞ ሲያመነታ አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፍቶ ጠበቀው፣ አባዬ ደግሞ በሕይወቱ አውቶቡስ አስቁሞ ሕዝብ ያስጠበቀ ሰው አይደለም። ገባ፣ በከተማ ዞሮ መጣ።

ባሌ ምልክቱን ሲያጠፋ አደረ። ጠዋት ስነሳ ቡፌዬ ነጭ ነጠብጣብ ሆኗል፣ አባዬም የለም፣ ወንበሩም የለም። የፊት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስወጣ አባዬ ጫማውን አድርጎ፣ ወንበሩን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አቁሞ፣ ፌርማታ የነበረው ቦታ ቆሟል። ከቦታው ማንቀሳቀስ ያስቀጣል የሚለው ሰሌዳ ትዝ አለኝ፤ የት አባቱ አልኩ። ወደ ተራራው የሚሄደው አውቶቡስ ከእንግዲህ እዚያ መቆም የለበትም፣ ሹፌሩ ግን ሰውዬውን ሲያይ ፍሬን ያዘ። ቲኬት ቆራጩ ወርዶ ወንበር አይሳፈርም አለ።

«ወንበር አይደለም» አለ አባዬ። «የሚስቴ ቦታ ነው።»

ቲኬት ቆራጩ ሹፌሩን አየ፣ ሹፌሩ ወደ ፊት አየ። እኔ በአንድ በኩል፣ አባዬ በሌላው በኩል ይዘን አስገባነው። ውስጡ እስከ በሩ ጢም ብሏል፤ ተጓዦቹ ቦርሳቸውን አቅፈው ያጉረመርማሉ፣ ደግሞ ይህ ምን የሚሉት ዕቃ ነው ይላሉ። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፣ የአባቴም።

«ጠጋ ጠጋ በሉ» አልኩ፣ «ወደ ውስጥ እለፉ፣ ውስጡ ባዶ ነው።»