ማርዴል ትራክተሩን የሸጠችለት ሰው

ኤልሮይ ሐውገን ገዢው ከመድረሱ በፊት ትራክተሩን አስነስቶ፣ ሞተሩን አሙቆ፣ መልሶ አጠፋው። ሲቀዘቅዝ እንደሚያንገራግር ያውቃል። ማጨጃው ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳም ትናንት ቀይ ቀለም ቀብቶበታል። በዕድሜው ሰው አታሎ አያውቅም፤ ግን ያ ትራክተር ከጎተራው ወጥቶ እንዲሄድለት ፈለገ፤ ዛሬውኑ።

ትራክተሩ የሚስቱ የማርዴል ነው። በዚያ የዊስኮንሲን እርሻ ላይ ትልልቆቹ ማሽኖች ሁሉ የኤልሮይ ሲሆኑ፣ ይህ ትንሹ የግቢ ትራክተር ግን ከተገዛ ጀምሮ የእሷ ብቻ ነበር። ሣር ታጭድበታለች፤ በብርዱ ወራት በረዶ ትጠርግበታለች። ዘይቱን የምትቀይረውም ምላጩን የምትስለውም እሷው ናት። ኤልሮይ ሊነካው ሲል፣ "አንተ! እጅህን ሰብስብ!" ትለው ነበር።

በቆሎው ደረት በደረሰበት ሰሞን ነው የመርሳቷ ነገር የከፋው። ማርዴል ትራክተሩን አስነስታ ዋናውን አስፋልት ይዛ ሄደች። የወተት ቦቴ ሾፌር መብራቱን እያበራ ከኋላ ከኋላዋ አጅቦ መለሳት። "ወዴት ነበር?" ብሎ ኤልሮይ ቢጠይቃት "እናቴ ጋ" አለችው። እናቷ ከሞቱ ዘመን አልፏል፤ ቤታቸውም ፈርሶ ታርሷል።

ኤልሮይ ቁልፉን ደበቀ። ከዚያ ወዲያ ማርዴል ጠዋት ጠዋት ትራክተሩ ላይ ወጥታ፣ ኪሷን እየበረበረች ታለቅስ ጀመር።

"አባዬ፣ ሽጠው" አለችው ልጁ ረኔ በስልክ። "ካላየችው ትረሳዋለች።"

ገዢው ዌንደል ይባላል፤ በጎረቤት ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ፣ አሮጌ ትራክተር ሲያይ ልቡ የሚደነግጥ ወፍራም ሰው ነው። እንደ መጣ ሰላምታውን ሳይጨርስ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈና ፈገግ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሞቋል እኮ።"

"እ... ጠዋት ትንሽ አንቀሳቅሼው ነበር።"

"ግድ የለም፤ ይቀዝቅዝ፣ እጠብቃለሁ። የአሮጌ ሞተር ጠባዩ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። እንዲሁ አሙቀው የሸጡልኝ አንዱ ቤቴ ቆሟል፤ አሁን አይጥ ወልዳበታለች።"

የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሸተተ፤ ቤንዚን ቤንዚን አይልም። የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቱ ጫን አድርጎ አየ፤ መሪውን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። ከዚያ መሬት ላይ ተጋድሞ ማጨጃውን ከሥር በካቻቢቴ ጠቅ ጠቅ ያደርግ ጀመር። ዝገት የበላውን ብረት ቀለም ቢሸፍነውም ካቻቢቴ አይምረውም።

"እዛ አይደለም፤ ወደ ግራ" አለ የሴት ድምፅ።

ማርዴል ናት። በሌሊት ልብሷ ላይ የኤልሮይን ካፖርት ደርባ ቆማለች። ኤልሮይ ክንዷን ሊይዝ እጁን ቢዘረጋ አልፋው ሄደች።

"ወደ ግራ። አዎ፣ እሱ ጋ። ድንጋይ መትቼ ሰንጥቄው ነው፤ ተበይዷል። ማን ቀለም እንደቀባበት እንጃ፤ መቼም ሌባ መሆን አለበት።"

ዌንደል ከሥር ሳቁን ለቀቀው። ኤልሮይ እስከ ጆሮው ቀላ።

"ብየዳውስ ጠንካራ ነው፣ እማማ።"

"አሁን ፊቱን በክሪክ አንሳና ጎማዎቹን ነቅንቃቸው። ከተላወሱ የጎማው ፒን አልቋል ማለት ነው። እኔ ቀይሬዋለሁ፤ ግን የሻጭ አፍ አትመን፣ ራስህ ነቅንቅ። ከዚያ ዳገት ላይ ንዳው። ሜዳ ላይማ ሁሉም ጎበዝ ነው። ስታስነሳው ሰማያዊ ጭስ አንዴ ቡፍ ብሎ ከጠፋ ምንም አይደል፤ አልጠፋም ካለ ባርኔጣህን አንሳና ወደ ቤትህ።"

ኤልሮይ አፉን ከፍቶ ያያታል። ከዓምና ወዲህ አንድ ነገር ጀምራ ስትጨርስ አልሰማም ነበር። አሁን ግን ያቺው ማርዴል ናት፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ በጣቷ እያዘዘች። "በቃ ይቅር፣ አልሸጥም" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር።

ወደሱ ዞር አለች።

"እርስዎስ? ዝም ብለው ይቆማሉ? ይውጡና ይሞክሩት እንጂ።"

ኤልሮይ ወደ ኋላው ተመለከተ። ማንም የለም።

"እኔን ነው?"

"የሚገዙት እርስዎ አይደሉ? እሱ መካኒክዎ መሰለኝ።"

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ስትስቅም ስትቆጣም "አንተ" ነበር። ዌንደል ካቻቢቴውን እንደያዘ አቀረቀረ።

"አዎ" አለ ኤልሮይ በስንት ጭንቅ። "ለሚስቴ ነው።"

"ሣር ማጨድ ትወዳለች?"

"ለሌላ ሰው አታስነካም።"

"እንዲያ ከሆነችማ ይውሰዱላት" አለች ማርዴል እየሳቀች። "እኔ እጄ እየደከመ ነው። ባለቤቴ እንደሆነ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ማሽን ይገድላል።"

እጇን ዘረጋችለት። ኤልሮይ ጨበጣትና መልቀቅ አቃተው። ጣቶቿን ቀስ ብላ፣ እንግዳን ላለማስቀየም ተጠንቅቃ ያወጣችው እሷ ናት።

ሞተሩ ቀዘቀዘ፤ ዌንደል ሲያስነሳው ትንሽ አንገራግሮ ተነሳ፤ ጭሱ አንዴ ቡፍ ብሎ ጠፋ። ተሳቢው ላይ ከጫነው በኋላ ኤልሮይን ወደ ጎን ሳብ አደረገው።

"ጋሼ፣ ልተወው እንዴ? ከልቤ ነው።"

"ውሰደው። አሁን ራሷ ሸጣዋለች። ነገ ቢሆን ቀማኋት ማለት ነው።"

መኪናው ከግቢው ሲወጣ ማርዴል እጇን አውለበለበች። ከዚያ ኤልሮይን አየችው።

"አብረውት አይሄዱም?"

"እሄዳለሁ።"

"ባለቤቴ ለምሳ ይመጣል፤ ልሥራለት" አለችና ገባች።

ኤልሮይ ከጎተራው ጀርባ ሄዶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ። ሲወጣለት ቤቱን ዞሮ፣ ጃኬቱን አውልቆ፣ ከእርሻ ሲመለስ ሁልጊዜ በሚገባበት በጓዳው በር ገባ።

"መጣሁ።"

ማርዴል ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

"የት ቆየህ? ትራክተሩን ሸጥኩት።"

"ለማን?"

"ላንድ ሽማግሌ። ደህና ሰው ናቸው፤ ግን አሳዘኑኝ። እጄን ይዘው አልለቅም አሉ። ለሚስቴ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሚስት ያላቸው አልመሰለኝም።"

"አለቻቸው" አለ ኤልሮይ።

"ታውቃታለህ?"

ወደ መታጠቢያው ሄዶ ቧንቧውን ከፈተ፤ ጀርባውን እንደሰጣት፣ ያላደፉ እጆቹን ሲያሽ ቆየ።

"ና ብላ እንጂ፣ ዳቦው ደረቀ" አለችው።

እጁን ጠራርጎ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ።