ለአዛሉ ማን ይቀበል

፩

ከአዳራሹ መካከል አንዲት ጥቁር የለበሰች ልጅ ብድግ አለችና፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አመሳቅላ፣ «ወየው! ወየው!» ብላ ጮኸች።

መድረኩ ላይ ባሏ የሞተባትን ሴት ሆና የምትጫወተው ተማሪ ሙሾዋን አቋረጠች። የሞተው ባል አንድ ዓይኑን ገለጠ።

ከዚያ ሳቅ።

፪

ስለ ሳቁ ብዙ አይጻፍም። የኋለኞቹ ወንበር እየደበደቡ ሳቁ፤ የፊተኞቹ ዞረው ሳቁ፤ መጨረሻ ላይ ሬሳውም ሳቀ። የጮኸችው ልጅ፣ ስመኝ፣ ግን ወዲያው አልተቀመጠችም። እንደ ልማዷ ሌላው ሰው እስኪከተላት ጠበቀች። የሚከተላት ስታጣ ተቀመጠች።

የዶርም ጓደኛዋ ዘሃራ፣ የኮምቦልቻዋ፣ የነጠላዋን ጫፍ ጎተተቻት።

«አንቺዬ፣ ትያትር እኮ ነው! የእውነት የሞተ መሰለሽ?»

«አልመሰለኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ብቻዋን ተዋችኋት እኮ።»

፫

በማግስቱ፣ «ሥነ ጥበብን ማድነቅ» ከሚባለው ክፍለ ጊዜ በኋላ። መምህር ልዑልሰገድና ስመኝ። ሌላ ሰው የለም።

መምህር፦ ልቆጣሽ አይደለም የጠራሁሽ።

ስመኝ፦ እሺ ቲቸር።

መምህር፦ ከዚህ በፊት ትያትር አይተሽ ታውቂ ነበር?

ስመኝ፦ ኧረ የት አግኝቼ!

መምህር፦ እንግዲህ እዚህ ተመልካች ጸጥ ይላል። ጸጥታው ለተዋናዩ ክብር ነው።

ስመኝ፦ እኛ ጋ ስድብ ነው።

መምህር፦ እንዴት?

ስመኝ፦ ሙሾ ወርዶ ሰው ዝም ካለ፣ «ለዚህስ ሟች አይለቀስም» ማለት ነው።

መምህር፦ እንዲህ ነው እንዴ!

ስመኝ፦ ደግሞ ልጅቱ ጥሩ አድርጋ ነው ያወረደችው። ዜማው ትንሽ ቸኮለባት እንጂ።

፬

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። ሐዘን በተራ አይመጣም፤ የሚጽፈውም ሰው በተራ ልጻፈው ቢል አይሆንለትም።

ስመኝ የስታቲስቲክስ ተማሪ ናት። ይህን ኮርስ የያዘችው ወዳው ሳይሆን ሌላው ሁሉ ሞልቶባት ነው። እናቷ ወይዘሮ አዛሉ፣ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብራቸው አልፎ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር የምትጠራ ሙሾ አውራጅ ነበረች። አዛሉ ሁለት ስንኝ ታወርዳለች። ስመኝ ከእናቷ ወገብ ሳትበልጥ ጀምራ፣ ከሁሉ ቀድማ «ወየው!» ብላ ትቀበላለች። ያን ጊዜ ለቀስተኛው ይከተላል። የደረቀው ዓይን ሁሉ ይረጥባል።

«እኔ ግማሹን ነው የምለው» ትል ነበር አዛሉ። «ግማሹ የሰው ነው። ያልተቀበሉት ሙሾ መሬት ወድቆ ይቀራል።»

፭

አዛሉ ሞተች።

፮

ስመኝ አልሰማችም። ፈተና ላይ ነበረች፤ አጎቷ አያ ቢምረው ደግሞ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጅቱ እስክትጨርስ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር!» ብሎ ነበር። ስትደውል «እናትሽ ወፍጮ ቤት ሄዳለች» አሏት። ሌላ ቀን ስትደውል «ገበያ ወርዳለች» አሏት። ክፉ አስበው ሳይሆን አዝነውላት ነው፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ፈተናውን ጨርሳ ስትመጣ አጎቷ ከመናኸሪያ ተቀብሎ እሱ ቤት አሳደራት። ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተና ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ማንም ሳይናገር ገባት።

አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ጠየቀች፦ «ማን አወረደላት?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«አያ ቢምረው፣ ለናቴ ማን አወረደላት?»

«ማን ይድፈር ልጄ! በአዛሉ ሬሳ ፊት አፉን የሚከፍት ማን አለ? እንዲያው ዝም ብለን አለቀስን እንጂ።»

ከዚያ ሁሉም እሷን ያዩ ጀመር። የአዛሉ ልጅ ናት፤ እሷ ታውርድ። ስመኝ ተነሥታ ቆመች፤ አፏንም ከፈተች። የወጣው ግን «ወየው» ብቻ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀበል ነው የኖረችው፤ አውርዳ አታውቅም።

ጥቁሯን ለብሳ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ አንድ ነገር በልቧ ይዛ ነበር። ለእናቴ ሳላወርድ ይህን ልብስ አላወልቅም።

፯

ከትያትሩ በኋላ ግቢው ስም አወጣላት። «ወየው መጣች!» «ወየው፣ እንዴት አደርሽ?» ከሁሉ የሚብሰው ኪሩቤል የሚባለው፣ ክፍል ውስጥ የኋላውን ወንበር የማይለቀው ነበር።

አንድ ቀን መምህር ልዑልሰገድ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል በፕሮጀክተር አበራ። ተቃቅፈው የተቀመጡ ሴቶች። መሀላቸው በርጩማ። በርጩማው ላይ ማንም የለም፤ ከበርጩማው በላይ ያለውን ቦታ ቀለም እንኳ አልነካውም፤ ሸራው ነጭ እንደሆነ ቀርቷል።

«ምን ታያላችሁ?»

«ሴቶች።»

«በርጩማ።»

«ቲቸር፣» አለ ኪሩቤል፣ «ሠዓሊው ቀለም አልቆበት ይሆናል።»

ተሳቀ። መምህሩም አብሮ ፈገግ አለና፣ «እሺ፣ ያልተሳለው ቦታ የማን ነው?» አለ።



ስመኝ ስታየው ቆየች። ሥዕል አይቶ መደነቅ ምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን አልገባትም ነበር፤ «ያምራል» ብሎ ማለፍ ይመስላት ነበር። አሁን ግን የማታውቀው ሠዓሊ ግማሹን ብሎ፣ ግማሹን ትቶላት እንደሄደ አየች።

«የኔ ነው» አለች፣ ጮክ ብላ።

«ወየው!» አለ ኪሩቤል ከኋላ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስመኝ ዓይኗን ከነጩ ቦታ አላነሣችም።

፰

ከዚያ ወዲህ ሄዳ ያየቻቸው፦

የክራር ዝግጅት። ተጫዋቹ እጁን አንሥቶ ድምፁ እስኪሞት የጠበቀበትን ቦታ ወደደች።

የውዝዋዜ ቡድኑ ልምምድ። እስክስታው ሳይሆን ትከሻው ሊጀምር ሲል ያለችው ቅጽበት።

አንድ ከጭቃ የተሠራ የሽማግሌ ፊት። አፉ ገርበብ ብሏል። ምን ሊል እንደነበር ስታስብ ምሳ አለፋት።

ያንኑ ትያትር፣ እንደገና። በዚህኛው ጊዜ አልተነሣችም። እጇን ግን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

፱

የኮርሱ ማጠቃለያ ሥራ ይህ ነበር፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከአገሩ አንድ ጥበብ ያቀርባል፤ ተመልካቹ በጸጥታ ያያል።

«ሙሾ» አለች ስመኝ።

ዘሃራ የምታጥፈውን ልብስ አልጋው ላይ ጣለችው። «ኧረ በአላህ! ሰው ሳይሞት ሙሾ? ሟርት እኮ ነው! ነገ አንዳችን ቤት ቢደወልስ?»

«ሰውማ ሞቷል።»

«እንዴ፣ ማን?»

ስመኝ የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አድርጋ አሳየቻት። ዘሃራ የልጅቱን ጥቁር ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አየችና ድምፅዋ ወረደ።

«እሱማ ልክ ነሽ… ግን እኔ አልመጣም። ወላሂ እፈራለሁ።»

«አትምጪ።»

«ደግሞ እነ ኪሩቤል ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ።»

መምህር ልዑልሰገድንም ጠየቀችው፦ «ቲቸር፣ ዝም ነው የሚሉት?»

«ደንቡ እንደዚያ ነው። ከፈለግሽ ግን እንዲቀበሉሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ እኔ አልከለክልም።»

አሰበችበት። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ተቀባይ አይለመንም» አለች።

፲

ልብስ ማጠቢያው ጋ ትለማመዳለች። ውኃው ስለሚጮህ ሰው አይሰማትም። መጀመሪያ የገጠመችው ስለ ራሷ ብቸኝነት ነበር፤ ጣለችው። ሙሾ የሟች እንጂ የአልቃሽ አይደለም። ቀጥሎ ስለ እናቷ ደግነት ገጠመች፤ እሱንም ጣለችው። ደግ እናት የሌለው ማን አለ? አዛሉን ከእናቶች ሁሉ የሚለያት ምንድን ነው?

ቀሚሷን እያሸች፣ እየጨመቀች፣ እያሰጣች።

ጣለችው።

እንደገና።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ እያየች ቆመች። ሁለቱም ስንኝ አንድ ላይ መጣላት።

፲፩

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ደግሞ መቀበሉን ይለማመዱ።

ይነሡ። ተቀምጦ መቀበል የለም።

እጅዎን ደረትዎ ላይ ያመሳቅሉ። አውራጇን አይዩአት፤ መሬቱን ይዩ።

ሟቿን ማወቅ አያስፈልግም። ድምፄ አያምርም ማለትም አይሠራም፤ ማንም ድምፅዎን አልጠየቀም።

ሁለተኛው ስንኝ እስኪያልቅ ይታገሡ። ሲያልቅ ግን «ወየው!» ለማለት አይዘግዩ፤ የዘገየ ዝምታ ይሆናል።

ሌላ ሰው እስኪጀምር አይጠብቁ።

፲፪

ክፍሉ ሞልቷል። ኪሩቤል ኋላ ነው። መምህር ልዑልሰገድ መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። የዘሃራ ወንበር ባዶ ነው፤ ዘሃራ ግን በር ላይ ቆማለች፤ አልገባችም፣ አልሄደችምም።

ስመኝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ መንቀጥቀጡን ልብስ ማጠቢያው ጋ ጨርሳዋለች።

«አዛሉ ትባላለች» አለች። «እናቴ ናት። እናንተ አታውቋትም።»

ከኋላ አንዱ ሳቅ ሊል ጀምሮ ተወው።

ስመኝ ዓይኗን ጨፈነች። የእናቷን ዜማ፣ ሳትቸኩል፣ አወረደች፦

ለሰው ሁሉ አልቅሳ፣ የሰውን ቤት ሞልታ፣
በራሷ ቀን ሄደች ተቀባይ ሰው አጥታ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ተመልካች ጸጥ ይላል፤ ተምረዋል።

ስመኝ አልተቀመጠችም።

በር ላይ የዘሃራ እጅ ከጎኗ ተነሣ። ኋላ ወንበር ተንቋቋ። ያ «ወየው» ሲላት የከረመው ልጅ ቆሟል፤ አፉን ከፍቷል፤ እንዴት እንደሚባል የጠፋው ይመስላል።

ስንኙ አልቋል።

፲፫

«                                        »