ለጆሮዋ የሚሆን ስፒከር

የስፒከር ሱቅ አለኝ። ሰው ገና ከመግባቱ «ስንት ነው?» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ የሚያዳምጠውን ዘፈን ያሰማኛ! ለፒያኖ የሚሆነው ለጭፈራ አይሆንም፤ ከበሮ ብትለቅበት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋል። ጉራ አይሁንብኝና፣ ለሰው ጆሮ ስመርጥ ስቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት የቀድሞ ባለቤቴ ከአዲሱ ባሏ ጋር ገባች። ባሏ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ሳቅ አያልቅበትም። ያ ሁሉ ሱቅ እያለ እኔ ጋ መምጣታቸው አናደደኝ። ግን ደስም አለኝ። የዚህችን ሴት ጆሮ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይኼ ሰውዬ ዛሬ ይየው አልኩ በሆዴ። አብረን ስንኖር፣ ማታ ከሥራ ስገባ ሁሌም አንድ ለስላሳ ዘፈን ዝቅ አድርጋ ከፍታ ነበር የምትጠብቀኝ።

«ለሳሎን ነው፣ ወንድሜ። የትኛው ይሻለናል?» አለ ሐኪሙ።

«አንተ አትድከም፤ የሷን እኔ አውቃለሁ» አልኩትና ትንንሾቹን ጥንድ ስፒከሮች አወረድኩ። የዘፋኙን ትንፋሽ ሳይቀር ጥርት አድርገው ያሰማሉ። ያንኑ ለስላሳ ዘፈን ከፈትኩላት።

ፊቷ ግን ወይ ፍንክች! ዘፈኑ ሳያልቅ ስልኳን ሰጠችኝና «ይሄን ልቀቅልኝ፤ በትልልቆቹ» አለች።

ለቀቅሁት። ከበሮና ቤዝ ነው፣ ቤት የሚያናውጥ! የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ዓይኗን ጨፍና ትከሻዋን ትነቀንቅ ጀመር፤ ሐኪሙም ከጎኗ ወለሉን በእግሩ እየመታ ይስቃል። እኔ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

ድምፁን ቀነስኩት። «ይሄ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ታዲያ እኛ ቤት ያ ለስላሳው...»

«አንተ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽብህ ውለህ ነበር የምትመጣው። ጆሮህ ይረፍ ብዬ ነው» አለች። ያለ ቂም ነው ያለችው፤ የባሰብኝም እሱ ነው።

ትልልቆቹን ገዙ። ሐኪሙ «የት ብናስቀምጣቸው ይሻላል?» አለኝ።

«ጥግ ላይ» አልኩት። «ግድግዳ አስደግፋችሁ ጥግ ውስጥ ሸጉጧቸው።»

ውሸቴን ነው። ትልቅ ስፒከር ጥግ ከገባ ቤዙ ያጉረመርማል፤ ከበሮው ከዘፈኑ ጋር ይደባለቅና ራስ ያዞራል። አውቄ ነው ያልኩት። ከደስታቸው ውስጥ አንድ ነገር እንኳ ይበላሽ ብዬ።

እሷ ቀና ብላ አየችኝ። ባሏ ፊት ልታዋርደኝ ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። ካርቶኑን ተጋግዘው ሲወጡ ግን በሩ ላይ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ጥግ አይደለም የኔ ጌታ፤ ከግድግዳው ክንድ ያህል እናርቃቸዋለን። ካልሆነ ቤዙ ያጉረመርማል።»

«አንቺ ደግሞ ይሄን በምን አወቅሽ?»

«ስለ ስፒከር ሲያወራ ስንት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬ!» አለችው።

ለሷ ያወረድኳቸውን ትንንሾቹን ስፒከሮች ወደ መደርደሪያው መለስኩ።