የአምብሮዝ ድምፅ

እና ምን ልበላት፣ በሩን ስትከፍትልን ምን ልበላት፣ እትዬ ኤድና የባልሽን ድምፅ ይዘን መጥተናል፣ ከዚያስ፣ ደክሞኛል፣ ከሳስካቱን ከተማ እስከዚህ አምስት ሰዓት ነድቻለሁ፣ መንገዱ ግማሹ በረዶ ግማሹ ጭቃ፣ ራይሊን አጠገቤ የድምፅ መቅረጫዋን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። የመመረቂያ ጥናቷን የማማክራት አሥራ አንደኛዋ ተማሪ። ከእኛ ከክሪ ነባር ሕዝብ ልጆች መሃል እንደሷ ሰው ማናገር የሚችል አላየሁም፣ ሽማግሌዎቹ ለሐኪም ያልነገሩትን ለሷ ይነግሯታል፣ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለፈው መስከረም የኤድና ባል አምብሮዝ የኩላሊት እጥበት በሚደረግለት የሆስፒታል ክፍል ቁጭ ብሎ ለጥናቷ ስትቀርጸው ነገራት፣ ከቤቴ ርቄ በማሽን መኖር ሰልችቶኛል፣ ላቆመው ነው፣ አገሬ ገብቼ ልሙት፣ ለኤድና እንዳትነግሪ፣ ካወቀች አትለቀኝም። ራይሊን ወዲያው ደወለችልኝ፣ አክስቴ ምን ላድርግ፣ በወጋችን ታላቅን አክስቴ፣ አያቴ ነው የምንለው፣ እኔ ስብሰባ ልገባ በር ላይ ቆሜ፣ ተጠያቂው የፈረመው የፈቃድ ቅጽ ምን ይላል፣ ምስጢር ይጠበቃል ይላል አይደል፣ በቃ ጠብቂ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ተመለሺ፣ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ራሱ እንዲነግራት ለምኚው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ቅጹን ደግሞ ያረቀቅኩት እኔው ነኝ፣ የሕዝባችንን ቃል እየለቀመ የሚሄድ አጥኚ አስመርሮኝ፣ ኮሚቴ ፊት ሁለት ዓመት ሙሉ የተሟገትኩለት ቅጽ።

ኤድናን ሐኪሞቹ እረፍት ሰጡኝ ብሏት ቤቱ ገባ። በአሥረኛው ቀን፣ እሷ የዓሣ መረቧን ልታወጣ ሐይቅ ወርዳ ሳለች፣ ብቻውን ሞተ።

ግቡ ግቡ፣ ትላለች ኤድና በሩን ከፍታ፣ ብርዱን አታስገቡብኝ፣ ቬልማ ወፍረሻል፣ ዩኒቨርሲቲው ያበላል ማለት ነው። ሻይ ትቀዳለች። ራይሊን መቅረጫውን ትከፍታለች፣ መጀመሪያ የአምብሮዝ ሳል፣ ከዚያ ሳቁ፣ ይቺ ነርስ ደሜን ስትወስድ ስትወስድ ይኸው ክሪ ሆናለች ይላል፣ ኤድና ትስቃለች፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና ትስቃለች፣ ራይሊንን እዚህ ላይ ዝጊው ልላት ይዳዳኛል፣ አልልም፣ ቃሉ ይመጣል፣ ላቆመው ነው፣ ለኤድና እንዳትነግሪ።

ኤድና መዳፏን ከአፏ ታወርዳለች።

መቼ ነው ይህን ያለው፣ ትላለች። መስከረም፣ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ትላለች ራይሊን። ታዲያ ታውቂ ነበራ። አዎ አያቴ አውቅ ነበር፣ ትላለች ራይሊን፣ ወደኔ ዞር እንኳ አትልም፣ ልትሸፍነኝ ነው፣ ይቺ ልጅ እኔን ልትሸፍን፣ እኔም ለአንድ አፍታ እተዋታለሁ፣ እውነት ለመናገር ከአንድ አፍታ ይበልጣል፣ ድካም ሰውን እንዲህ ያደርጋል ወይስ እኔ ድሮም እንዲህ ነኝ። እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት፣ እላለሁ። ለምን። ደንቡ ነው። እሺ ደንቡ ነው፣ ሌላስ። ሌላ ቸኩዬ ነበር።

ኤድና ጠረጴዛውን ታያለች። መረቡን በማግስቱ ባወጣው እኮ ምንም አልነበረበትም፣ ትላለች፣ ለኛ አይደለም የምትናገረው። ከዚያ ሳታየኝ፣ አንቺ ውጪ ጠብቂ፣ ልጅቷ ትቀመጥ፣ ለራይሊን ደግሞ፣ ድምፁን ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።

ፒክአፕ መኪናዬ ውስጥ ነኝ። መስኮቱ በትንፋሼ ይደበዝዛል፣ እጠርገዋለሁ፣ ይደበዝዛል። ሠላሳ ዓመት ሰው አሰልጥኛለሁ፣ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚፈርም፣ ከሰሙ በኋላ ግን ከተናጋሪው አጠገብ እንዴት እንደሚቀመጡ መቼ ነው ያስተማርኩት፣ አላስታውስም።

ራይሊን ትወጣለች፣ አይኗ አብጧል፣ ካፖርት እንኳ አልደረበችም። እዚህ አድራለሁ አክስቴ። ኤድና የአምብሮዝ ቃል በጥናትሽ ይውጣ ይቅር አልወሰንኩም ብላለች፣ ስወስን እነግርሻለሁ፣ አታጣድፉኝ ብላለች፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ማስረከቢያ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ እሱ ነው፣ ቀኑ ያልፈኛል። ይለፍሽ፣ እላታለሁ። ለመመረቂያ ኮሚቴውስ ምን እንላለን። ለሱ አትጨነቂ፣ ግቢ ብርድ ነው። እኔንስ ምን አለች፣ እላለሁ። ምንም አላለች።

ምንም። እሺ፣ ይገባኛል፣ ምን ትበል።

ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ሞተሩን አላስነሳም፣ የማስረከቢያ ጊዜ ማራዘሚያ ቅጹን ማንም ሳይነግረኝ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ የተማሪዋ ስም፣ ቀን፣ ከታች ምክንያት የሚል አንድ መስመር፣ ሁሌ የማስሞላው ሕመም ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አሁን እዚያ መስመር ላይ የአማካሪዋ ስህተት ብዬ እጽፋለሁ፣ ከጎኑ ሙሉ ስሜን፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።