የመስኮቱ ቦታ

የሦስተኛ ዓመት የሥዕል ተማሪዋ ታላቅ እህቷን ሆስፒታል ስታስታምም ዘጠኝ ቀን ከስቱዲዮ ቀረች። ስትመለስ በመስኮቱ ሥር ያለው ቦታዋ ተይዟል። የያዘው የክፍል ጓደኛዋ ጢሞ ነው፤ ይህን ስም ያገኘው ጢሙን ማጎፈር የጀመረ ጊዜ ነው። ሸራዎቿን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቡሩሽ ከሚታጠብበት ገንዳ አጠገብ ደርድሯቸዋል። ገና ያልደረቀው የእናቷ ሥዕል ጉንጩ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል።

ማን እንደነካው ጠየቀችው።

«ሳነሳው ነው» አለ፣ ቡሩሹን እንኳን ሳያስቀምጥ። «ቦታ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ለሚጠፋ አይደለም።»

ደሟ ፈላ። ጥርሷን ነክሳ መምህራቸው ዘንድ ሄደች። መምህሩ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸውና፣ ሕፃን አይደላችሁም፣ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ ብለው ሸኟት። ለእህቷ ብትነግራት ደግሞ ዝምታ ለበግም አልበጃት ብላ ተቆጣቻት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ። እሷ ሁልጊዜ የሚዋሳትን የቀለም ማቅጠኛ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እሱ ቡሩሹን ሊያጥብ በመጣ ቁጥር ቆሻሻውን ውሃ ወረቀቷ ላይ ያራግፋል። ሌሎቹ አራት ተማሪዎች በቀልዱ ስለሚያስቃቸው ከሱ ጋር ወገኑ።

ገንዳው ጋ ብርሃን አይደርስም። ሰማያዊ ነው ብላ የቀባችው ውጭ ሲወጣ አረንጓዴ ይሆንባታል። ከዚያ ጥግ ደህና አድርጎ የሚታያት መስኮቱና የጢሞ ጀርባ ብቻ ስለሆነ፣ እሱኑ መሳል ጀመረች። በሦስት ሳምንት የጎበጠውን ትከሻ፣ የተዘረጋውን ክንድና ከጫማው ሥር ወለሉ ላይ የደረቁትን የቀለም ጠብታዎች አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

የግምገማው ቀን መምህሩ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆሙ።

«እነዚህ ጠብታዎች የማን ናቸው?»

«የእኔ ናቸው። ሁለት ዓመት እዚያ ቆሜ ያፈሰስኳቸው።»

መምህሩ ወለሉንም ጢሞንም አዩ፤ ከምሳ በፊት ዕቃውን እንዲያነሳ አዘዙት። ዛሬ የሳቀለት አልነበረም። የሸራ ማቆሚያውን እየጎተተ አጠገቧ ሲደርስ ቆም አለ።

«ለአንድ መስኮት ብለሽ ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«ፊትህን መች ሳልኩት?» አለችው።

በማግሥቱ ስትገባ እንደምን አደራችሁ አለች። ከአምስቱ አንድም የመለሰላት የለም። አራቱ መቀመጫቸውን እየያዙ ጢሞ ወዳለበት ወደ ገንዳው ተጠግተዋል። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰላምታዋን አላቋረጠችም ነበር፤ ኋላ ግን እሷም ተወችው። ጧት ጧት ጀርባዋን ሰጥታቸው ትቆምና፣ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክታልፍ ድረስ ትሠራለች።